ማስታወቂያውን ከ«አገናኝ» ላይ አንሱት

ከሐዋሳ የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን የአንድሮይድ ቪፒኤን (ኢንተርኔትን በሌላ አገር ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አፕ) ሠርተን ፕሌይ ስቶር ላይ ለቀናል። ነፃ ነው፤ ገቢው ከማስታወቂያ ነው። እስካሁን 6 ሺህ ሰው ገደማ አውርዶታል። ችግሩ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ያጠፋዋል። ለ4 ሰርቨር በወር 60 ዶላር እንከፍላለን። ከማስታወቂያ የምናገኘው 20 ዶላር እንኳ አይሞላም። በዚህ መሀል አንድ የውጭ ድርጅት የእኛን ኤስዲኬ (አፕ ውስጥ የሚገባ የተዘጋጀ ኮድ) አፓችሁ ውስጥ አስገቡ፣ በተጠቃሚ ቁጥር በየወሩ እንከፍላለን ብሎ ኢሜይል ላከልን። ማስታወቂያ እንጨምር? በክፍያ እናድርገው? ወይስ ኤስዲኬውን እንቀበል? እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሦስት ስለሆናችሁ «እናንተ» እያልኩ እጽፋለሁ። እኔም የምኖረው ሐዋሳ ነው። አፓችሁን መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ራሴ ተጠቀምኩበት። ቀጥሎ ፒያሳ አካባቢ ባጃጅ የሚነዳ አንድ የሰፈሬን ልጅ አስፈቅጄ ስልኩ ላይ አስጫንኩት። ከጎኑ ቁጭ ብዬ ምንም ሳልናገር አየሁ። ልጁ «በአገርህ አይሠራም» የሚለውን አንድ ጌም ለመክፈት ቪፒኤን ሲፈልግ ነበር። ስልኩ ቴክኖ ነው። ዳታው የቀን ፓኬጅ ነው። የእናንተ ተጠቃሚ ማለት እሱ ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ። አፑን ከፈተ። ምንም ሳይነካ ስክሪኑን የሞላ ማስታወቂያ መጣ። መዝጊያዋን ኤክስ ፈለገ። ጥግ ላይ ነጭ በነጭ ሆና ተደብቃለች። አገኛት። «አገናኝ» የሚለውን ትልቁን ክብ በተን ተጫነ። አሁን ደግሞ አንድሮይድ የራሱን ጥያቄ አመጣ፤ ይህ አፕ የኔትወርክ እንቅስቃሴህን መከታተል ይችላል፣ የምታምነው ከሆነ ብቻ ፍቀድ የሚለውን። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ ነገር ስልኬን ሊጠልፈው ነው እንዴ?» «እንደፈለግክ» አልኩት። ፈቀደ። ሁለተኛ ማስታወቂያ መጣ፤ ይሄኛው ቪዲዮ ነው። ልጁ ፓኬጁ ሲበላ ታየውና ተጣድፎ የመመለሻውን ምልክት ነካ። ከአፑ ወጣ። ጌሙን ከፈተ። «በአገርህ አይሠራም» አለው። «አየህ? አይሠራም እኮ» ብሎ አፑን አጠፋው። ሁሉም ነገር ከ2 ደቂቃ አልበለጠም።

ልብ በሉ፤ ሰርቨራችሁ ደህና ነበር። ልጁ ግን ጭራሽ አልተገናኘም። ማስታወቂያው ሲመጣ ግንኙነቱ ገና አልጀመረም። እሱ የት ያውቃል? እሱ የሚያውቀው መጫኑን ነው።

ቪፒኤን ለራሱ ብሎ የሚከፍት ሰው የለም። ሰው ቪፒኤን የሚከፍተው ሌላ ነገር ሊያደርግ ሲል ነው። በዝናብ ውስጥ ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ ያለ ሰው አስቡ። ሎተሪ አዟሪ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ «አንድ ውሰድ» ቢለው ምን ይመልሳል? የእናንተ ሁለቱ ማስታወቂያዎች ያሉት እዚያ በር ላይ ነው። ሰውየው ቤት ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሻይ ከያዘ በኋላ ሎተሪው ሊታየው ይችላል።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎግል ፕሌይ ከእ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2022 ጀምሮ ተጠቃሚው ሌላ ነገር ሊያደርግ ሲል ሳይጠብቀው የሚመጣ ሙሉ ስክሪን ማስታወቂያን ከልክሏል። ተጠቃሚው ራሱ መርጦ የሚያየው፣ ሽልማት ያለው ማስታወቂያ ግን ከዚህ ውጪ ነው። «ማስታወቂያ እንጨምር?» ላላችሁት መልሴ እንግዲህ ግልጽ ነው። አትጨምሩ። ሁለቱንም አንሱና ሌላ ቦታ እናገኝላቸዋለን።

ቅድሚያ ግን ያ የሚያስፈራው የአንድሮይድ ጥያቄ ይስተካከል። ጥያቄውን ማስቀረት አይቻልም፤ ለማንኛውም ቪፒኤን የሚመጣ የሲስተሙ ጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት ግን የራሳችሁን አንድ ገጽ ማስቀደም ትችላላችሁ። ሦስት መስመር ይበቃል፦ «ቀጥሎ ስልክዎ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ ለሁሉም ቪፒኤን የሚመጣ ነው። በተኑ አረንጓዴ ሲሆን ተገናኝተዋል።» አራተኛ መስመር አድርጋችሁ «የሚከፍቱትን አንመዘግብም» ልትሉ ትችላላችሁ፤ ግን እውነት ከሆነ ብቻ። ሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ ሎጉ (የአጠቃቀም መዝገቡ) መጥፋቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ነው ይህን የምትጽፉት።

አማርኛችሁም መታየት አለበት። ሰርቨር ለማለት «አገልጋይ ምረጥ» ይላል። ሐዋሳ ውስጥ አገልጋይ ምረጥ የተባለ ሰው ትዝ የሚለው ቤተ ክርስቲያን ነው። «አገር ምረጥ» በሉት፣ አለቀ። «ተያይዟል» የሚለውንም «ተገናኝቷል» አድርጉት። ማሽን የተረጎመው መሆኑ ያስታውቃል፤ አፑን የሠሩት ደግሞ ሦስት የሐዋሳ ልጆች ናቸው!

አሁን ወደ ዋናው ቴክኒካዊ ችግር ልግባ። አፓችሁ የሚሠራው በዋየርጋርድ ነው፤ ስልኩን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኝ የቪፒኤን ዘዴ ነው። ጥሩ ምርጫ ነው፤ ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ባትሪ አይጨርስም። ግን አንድ ጠባይ አለው። ዋየርጋርድ እንደ ስልክ ጥሪ አይደለም፤ ወዲያ ማዶ የሚያነሳ ሰው መኖሩን አይጠብቅም። ሰርቨሩ ቢሞት እንኳ ስልኩ ላይ መስመሩ «ተከፍቷል» ይላል። ከላይ የምትወጣው የቪፒኤን የቁልፍ ምስልም ትታያለች። እናንተ ደግሞ መስመሩ እንደተከፈተ በተኑን አረንጓዴ ታደርጉታላችሁ። እኔ በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ አረንጓዴ እያየሁ አንድም ገጽ አልከፈት ብሎኛል። ዋየርጋርድ የሚሄደው ዩዲፒ በሚባለው የዳታ መላኪያ መንገድ ብቻ ነው። አንዳንድ የካፌና የመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ደግሞ ዩዲፒን አያሳልፍም። እዚያ ጋ መስመሩ ይከፈታል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። መስመሩ ከተከፈተ በኋላ በውስጡ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ላኩ። መልስ ሲመጣ ነው አረንጓዴ የሚሆነው። በ6 ወይም በ7 ሰከንድ ካልመጣ ሌላ ሰርቨር ሞክሩ። እሱም ካልሆነ ቲሲፒ በሚባለው በሌላው የመላኪያ መንገድ የሚሄድ ሁለተኛ ዘዴ ያስፈልጋችኋል፤ ኦፕንቪፒኤን የሚባለው የቪፒኤን ዘዴ በቲሲፒ መሄድ ይችላል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ስክሪኑ ዝም አይበል። «እየሞከርኩ ነው»፣ «ሌላ አገር እየሞከርኩ ነው» ይበል። ሰው መጠበቅ ይችላል፤ የሚያናድደው ምን እንደሚጠብቅ ሳያውቅ መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለዩ። የስልኩ ኢንተርኔት ራሱ ከሌለ «ኢንተርኔት የለም» በሉ፤ ጥፋቱን በራሳችሁ ሰርቨር ላይ አታላክኩ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው በነበረበት ወቅት አያቱ ሳይቀሩ ቪፒኤን ያወቁበት ቤት ብዙ ነው። ያኔ ቪፒኤን ሠርቷል፤ የተዘጋው የተወሰነ በር ስለነበር። ኢንተርኔቱ ከነአካቴው ሲቋረጥ ግን ቪፒኤን ምንም አይፈይድም። ይህን ልዩነት ያልነገረ አፕ ባለ አንድ ኮከብ ሪቪው ይሰበስባል። ያ ወቅት ሌላም ያስተምራችኋል። ሰው ሲዘጋ ይጎርፋል፣ ሲከፈት ይበተናል። ያን ጎርፍ እየጠበቁ ሰርቨር መከራየት ቁማር ነው።

ሰርቨር ካነሳን ዘንድ። አራቱ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ጀርመንና ሲንጋፖር ናቸው፤ አፑ በራሱ የሚመርጠው አሜሪካን ነው። ለምን? የኢትዮጵያ ኢንተርኔት በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ወጥቶ በባሕር ሥር ኬብል ወደ አውሮፓ ያቀናል። አሜሪካ ለመድረስ አትላንቲክን መጨመር ነው። 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ደርሶ መልስ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 60 ሚሊሰከንድ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። አንድ ገጽ ለመከፈት ግን ብዙ ደርሶ መልስ ያደርጋል፤ ሲደማመር ሰውየው «ይንቀራፈፋል» ይላል። ጀርመንን መነሻ አድርጉት። አሜሪካን የፈለገ ራሱ ይምረጥ።

አሁን ብሩ። እዚህ ጋ ካልኩሌተር አውጡ።

አንድ ሰው በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚፈጅ ጥራት ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ ቢያይ 450 ሜጋባይት ይሄዳል። በየቀኑ ካየ በወር 13 ጊጋ ተኩል። ሰርቨር በ5 ዶላር 1,000 ጊጋ ቢሰጣችሁ አንዱ ጊጋ ግማሽ ሴንት ነው። ስለዚህ ይህ ሰው በወር 7 ሴንት ገደማ ያስወጣችኋል። ማስታወቂያ ደግሞ ለሺህ ዕይታ 50 ሴንት ይከፍላችኋል እንበል፤ የራሳችሁን ቁጥር ከአድሞብ (የጎግል የማስታወቂያ አገልግሎት) ሠንጠረዥ አውጥታችሁ ተኩት። አንዷ ዕይታ የሴንት ሃያኛ ናት ማለት ነው። ይህ ሰው ወጪውን ለመመለስ በወር 135 ማስታወቂያ ማየት አለበት። በቀን ከ4 በላይ። ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ ብቻ የሚያነበውና በወር 1 ጊጋ የሚጠቀመው ግን ግማሽ ሴንት ብቻ ነው የሚያስወጣችሁ። 10 ማስታወቂያ ይበቃዋል፤ በ3 ቀን አንዴ።

ይህን ካያችሁ አፓችሁ ላይ ያለው «60 ደቂቃ ነፃ» የሚለው ነገር ስህተት መሆኑ ይገባችኋል። ደቂቃ ምንም አያስወጣችሁም። የሚያስወጣችሁ ሜጋባይት ነው። ጽሑፍ የሚያነበውን ሰው በ60 ደቂቃ ትቆርጡታላችሁ፤ ቪዲዮ የሚያየው ደግሞ በዚያው 60 ደቂቃ ይመጠምጣችኋል። ሰዓቱን ተዉትና ዳታ ቁጠሩ። ለምሳሌ በቀን 150 ሜጋ በነፃ፣ ያለ ምንም ማስታወቂያ። ሲያልቅ «አንድ ማስታወቂያ አይተው 100 ሜጋ ይጨምሩ» የሚል በተን ይምጣ። ሰዉ ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ስንቱ ነው በየቀኑ *999# እየመታ ፓኬጅ የሚገዛው! «ቀሪ 40 ሜጋ» ማለት ለእሱ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ሒሳቡን ልብ ብሎ ያየ «100 ሜጋ በአንድ ማስታወቂያ አያዋጣም እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። 100 ሜጋ የሴንት ሃያኛ ነው፤ ልክ እኩል ይመጣል። ትርፍ የለውም። ከዚያ ላይ ነፃው 150 ሜጋ አለ። ስለዚህ ማስታወቂያ ኪሳራችሁን ያቀልላል እንጂ አያበላችሁም። ትርፉ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ እመጣበታለሁ።

ከዚያ በፊት ወጪውን ተመልከቱ። በዚህ ሒሳብ በ60 ዶላር 12 ሺህ ጊጋ ይገባችሁ ነበር። ተጠቃሚው በማግስቱ እየጠፋ 12 ሺህ ጊጋ ማን ይጨርሰዋል? የሰርቨሮቹን ግራፍ ክፈቱ። ሲንጋፖርና ካናዳ ቀኑን ሙሉ እንደሚያንቀላፉ እወራረዳለሁ። ዝጓቸው። ወጪያችሁ ዛሬውኑ በግማሽ ይወርዳል። አገር መደርደር ያምራል፤ ባንዲራውን እየከፈላችሁ የምትሰቅሉት ግን እናንተ ናችሁ።

የማስታወቂያውን ሌላ ወጥመድ ልጠቁም። ተጠቃሚው ከተገናኘ በኋላ የምታሳዩት ማስታወቂያ በጀርመን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ነው የሚጠራው። አስተዋዋቂው ጀርመን ላለ ሰው ያሳየ ይመስለዋል፤ የተሻለ ይከፍላል። «ጎበዝ ነን» እንዳትሉ። ፕሌይ ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ቪፒኤን አፖች ገንዘብ ለማግኘት ሲሉ የሌሎች አፖችን ትራፊክ (የዳታ ፍሰት) እንዳያዞሩ በግልጽ ደንግጓል። የማስታወቂያ ትራፊክን በሌላ አገር አዙሮ ማሳለፍም እዚያው ተጠቅሷል። ደንቡ የሚያወራው ስለ ሌሎች አፖች ቢሆንም፣ ሺህ ስልክ ከአንድ አይፒ ማስታወቂያ ሲጠራ ለአድሞብ የሚያምር ነገር አይደለም። ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ አንድን አፕ ከቪፒኤን መስመሩ ውጪ የሚያደርግ ትእዛዝ አለ። የራሳችሁን አፕ በዚያ አስወጡት። ገቢው ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ አካውንታችሁ ግን ይተርፋል።

ያው ትእዛዝ ለሌላም ይጠቅማል። ባለፈው አሞራ ገደል ዓሣ በልቼ በሞባይል ባንኪንግ ልከፍል አልሆነልኝም። የባንኬ አፕ «ቆይተው ይሞክሩ» ይላል። ኔትወርኩን ረገምኩ፤ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ሴትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ኋላ ነው የእናንተ ቪፒኤን እንደበራ ያስታወስኩት። አጥፍቼው ወዲያው ሠራ። ባንኩ ከጀርመን የሚመጣ ደንበኛ አልፈለገም፤ አልፈርድበትም። ተጠቃሚያችሁ ግን ይህ ሲገጥመው ቪፒኤኑን ነው የሚያጠፋው። ስለዚህ ስልኩ ላይ ያሉትን የባንክና የክፍያ አፖች ራሱ መርጦ ከመስመሩ እንዲያስወጣ አንድ ገጽ ስጡት። መጀመሪያ ቀን ላይ ጠይቁት፤ ሴቲንግ ውስጥ ብትቀብሩት ማንም አያገኘውም።

ክፍያን በተመለከተ፣ አፑ ውስጥ ዲጂታል ነገር ከሸጣችሁ በመርህ ደረጃ በፕሌይ የክፍያ ሥርዓት ነው የሚያልፈው። ከሳብስክሪፕሽን ድርሻ ይወስዳል። ድርሻው አይደለም የሚያሳስበኝ። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ በዶላር የሚከፍል ካርድ የለውም። እሱ ያለው ቴሌብር ነው። ፕሌይ ደግሞ ሌላ ቦታ በተገዛ አካውንት የሚገባበትን፣ ራሱ ግን ምንም የማይሸጥ አፕ ይፈቅዳል። ስለዚህ በድረ ገጻችሁ የሳምንት ኮድ ሽጡ፤ በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ ይከፈል። አፑ ውስጥ «ኮድ አስገባ» ብቻ ይኑር፤ «እዚያ ሄደህ ግዛ» የሚል ሊንክ አታስገቡ። የሳምንት 5 ጊጋ ለእናንተ የሚያስወጣው 2 ሴንት ተኩል ነው። በብር ርካሽ አድርጋችሁ ብትሸጡትም ታተርፋላችሁ። ትርፉ ከሌላ ቦታ ይመጣል ያልኩት ይህን ነው። የወር ወይም የዓመት አታድርጉት፤ እዚህ አገር ሰው የሚከፍለው ለዛሬና ለዚህ ሳምንት ነው። ገዢዎቻችሁም ብዙ አይሆኑም፤ በዋናነት በኢንተርኔት ለውጭ አገር ድርጅት የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። ከ6 ሺሁ 50 ሰው በየሳምንቱ ቢገዛ ግን፣ እንደ ዋጋችሁ የሁለቱ ሰርቨር ወጪ ሊሸፈን ይችላል።

የአድሞብ ብር 100 ዶላር ካልሞላ አይላክም። 10 ዶላር ሲሞላ ደግሞ አድራሻችሁን ለማረጋገጥ በፖስታ የሚመጣ ፒን አለ። ፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለው ሰው አድራሻ ተጠቀሙ፤ የቤት ቁጥር ጽፋችሁ እንዳትጠብቁ።

ወደ ኤስዲኬው ልምጣ። «በተጠቃሚ ቁጥር እንከፍላለን» የሚለው ኢሜይል ምን እንደሚገዛ አልነገራችሁም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው የተጠቃሚውን ስልክ ነው። ኤስዲኬው ስልኩን ለሌላ ሰው መተላለፊያ ያደርገዋል። ማንም የማታውቁት ሰው በዚያ ልጅ ሲም፣ በዚያ ልጅ አይፒ ኢንተርኔት ይጠቀማል። ሆላ የሚባለው ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌላ እንደሚሸጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታወቅ ትልቅ ጫጫታ ሆኖ ነበር። የከፋው የመጣው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት 911 ኤስ5 የሚባለውን የተጠለፉ መሣሪያዎች መረብ አፈረሰ። መረቡ ከ19 ሚሊዮን በላይ አይፒ አድራሻ ነበረው። ማስክቪፒኤንና ዲውቪፒኤንን በመሰሉ ነፃ ቪፒኤኖች ነበር ሰው መሣሪያ ላይ የሚገባው። በእነዚያ አድራሻዎች የገንዘብ ማጭበርበር ተፈጽሟል።

እዚህ ብታመጡት ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመርበታል። አንደኛ፣ ዳታው የልጁ ፓኬጅ ነው፤ በተኛበት ያልቅበታል። ሁለተኛ፣ ሲሙ በስሙና በመታወቂያው የወጣ ነው። የሆነ አገር ያለ አጭበርባሪ በእሱ መስመር ወንጀል ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አስቡት። አገራችንም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ኢሜይሉን አትመልሱ፤ ሰርዙት።

ነፃ ቪፒኤን ስሙ የጠፋ ዕቃ መሆኑንም እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች 283 የአንድሮይድ ቪፒኤኖችን መርምረው 75 በመቶው የሦስተኛ ወገን መከታተያ እንዳለበት፣ 18 በመቶው ጭራሽ ምንም እንደማያመሰጥር አግኝተዋል። ልጁ «ሊጠልፈው ነው እንዴ?» ያለው ዝም ብሎ አይደለም።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ያዙት። መጀመሪያ ሁለቱን ሰርቨሮች ዝጉ፤ ይህ የዛሬ ሥራ ነው። ቀጥሎ ሁለቱን ማስታወቂያዎች አንሱ፣ አረንጓዴውን እውነተኛ አድርጉት፣ ጀርመንን አስቀድሙ። ይህን ብቻ ልቀቁና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ፋየርቤዝ (የጎግል የአፕ መከታተያ) ላይ የምታዩት አንድ ቁጥር ነው፤ በተኑን ከተጫኑት ውስጥ ስንቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ በእርግጥ ተገናኘ? እሱ ከፍ ሲል በማግስቱ የሚመለሰውም ይጨምራል። ዳታ መቁጠሩንና የሳምንት ኮዱን ከዚያ በኋላ አምጡ። አዲሱን ስትለቁ ጻፉልኝ። ያንኑ ልጅ ፈልጌ እንደገና አስጭነዋለሁ፤ ጌሙን አሁንም ይፈልገዋል።